ኃጢአት፣ ወንጀል እና አንቀጽ 551

«በኢትዮጵያ ፅንስ ማስወረድ ተፈቅዷል ወይስ ክልክል ነው?» ብላችሁ የምታውቋቸውን ሰዎች ጠይቁ። አንዱ «ክልክል ነው፤ ያሳስራል» ይላችኋል። ሌላዋ «ኧረ ከተፈቀደ ቆየ! ጤና ጣቢያ ይሠራሉ እኮ» ትላችኋለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚሁ ላይ ነው።

ክርክሩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይደባለቁብናል። አንዱ «ኃጢአት ነው ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው «መንግሥት ሊቀጣበት ይገባል ወይ?» የሚለው። የመጀመሪያውን የምናቀርበው ለንስሐ አባታችን፣ ለሼሁ ወይም ለፓስተሩ ነው። ሁለተኛው የፓርላማ፣ የፖሊስና የዳኛ ጉዳይ ነው። ሐሜት ኃጢአት ነው፤ ሐሜተኛን ግን ፖሊስ አያስርም። ሁለት ያላገቡ አዋቂዎች ተፈቃቅደው ቢተኙ በሃይማኖት ዝሙት ነው፤ በአገራችን ሕግ ግን አያስከስስም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህ ማለት አማኝ ስለ ሕግ አይናገር ማለት አይደለም። አማኝም ዜጋ ነው፤ ድምፅ አለው። ግን «ኃጢአት ነው» ብሎ ማሳመን ብቻውን «ይታሰሩ» ለማለት አይበቃም። በመሀል ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እኔ ፅንስን እንደ ተራ ነገር ከሚያዩት ወገን አይደለሁም። ማህፀን ውስጥ ያለው የሰው ጅምር ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ነው ይህን የሚያህል ጉዳይ በመፈክር ሲታለፍ የሚከነክነኝ።

ከጓዳ ወደ ሕግ

አሁን የምንጠቀምበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. የወጣ ነው። በሥራ ላይ የዋለው ከግንቦት 1997 ጀምሮ ነው። ከሱ በፊት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በዚያኛው ሕግ ፅንስ ማቋረጥ የሚፈቀደው እናትን ከከባድ አደጋ ለማዳን ሌላ መንገድ ሲታጣ ብቻ ነበር። ተደፍራ ላረገዘች ልጅ እንኳ በሩ ዝግ ነበር።

በሩ ዝግ ነው ማለት ግን ማስወረድ አልነበረም ማለት አይደለም። ጓዳ ውስጥ ነበር። የተቀቀለ ሥራ ሥር፣ ወደ ማህፀን የሚገባ ሹል ነገር ወይም ቱቦ፣ ከልክ በላይ የተዋጠ ኪኒን። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ደማቸው ካለቀ ወይም ማህፀናቸው ካመረቀዘ በኋላ ነበር። ሕጉ እንዲሻሻል አጥብቀው ከጠየቁት መካከል በየሆስፒታሉ ይህን ሲያዩ የኖሩት የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ይገኙበታል። የሴቶችን መብት የሚከራከሩ የሕግ ባለሙያዎችም አብረዋቸው ቆሙ። የሃይማኖት ተቋማት ደግሞ ተቃወሙ። የ1996ቱ ሕግ ከዚህ ግብግብ የወጣ ስምምነት ነው። ስምምነት ስለሆነም ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም።

ስምምነቱ እንዲህ ነው። አንቀጽ 545 ፅንስን ሆን ብሎ ማቋረጥ፣ በየትኛውም የእርግዝና ጊዜ ቢሆን፣ ወንጀል ነው ብሎ ይጀምራል። አንቀጽ 546 ፅንሷን ያቋረጠች ሴት በቀላል እስራት እንደምትቀጣ ይናገራል። ከዚያ አንቀጽ 551 ይመጣና የማያስቀጡትን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ አያስቀጣም። እርግዝናው ወይም ወሊዱ የእናትን ሕይወት ወይም ጤና፣ ወይም የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነም እንዲሁ። ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበትም እንዲሁ። የመጨረሻው ሴትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ፣ ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው።

አንቀጽ 552 ደግሞ አንድ አጭር ነገር ይጨምራል። አጭር ይሁን እንጂ የሕጉ ትልቁ ቦታ እሱ ነው። «ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት» ለምትል ሴት ቃሏ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አይጠየቅም። የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያም ዕድሜን በተመለከተ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። 18 ዓመት አልሞላኝም ካለች መታወቂያ አምጪ አትባልም። የነገረችው ነገር በኋላ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ፣ የረዳት የጤና ባለሙያ አይከሰስም። አገልግሎቱንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማግኘት አለባት።

ይህ አሠራር ምክንያት አለው። የመደፈር ክስ ፍርድ ቤት ዓመት ይፈጃል። እርግዝና ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ፍርድ ይጠበቅ ቢባል ሕጉ የፈቀደውን ማንም አያገኘውም ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ሰው «ይሄማ ለውሸት በር ከፈተ» ይላል። ይህን አስተያየት በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ እመለስበታለሁ።

ለውጡ በቁጥር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ወደ 382,500 ገደማ ፅንሶች ሆን ተብሎ እንደተቋረጡ በጥናት ተገመተ። ከነዚያ ውስጥ በጤና ተቋም በሕጋዊ መንገድ የተሠሩት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 የተገመተው ቁጥር 620,300 ሆነ፤ በጤና ተቋም የተሠሩት ግን ወደ 53 በመቶ ከፍ አሉ። በመካከሉ የሕዝቡ ቁጥርም እንደጨመረ አትርሱ። የእናቶች ሞት ደግሞ በ2000 ከ100,000 ወሊዶች 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ይህ ሁሉ በአንድ አንቀጽ የመጣ ነው አልልም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ አለ፣ አምቡላንስ አለ። ግን ያቺ የተቀቀለ ሥራ ሥር የምትጠጣ ልጅ ከሞት መዝገቡ ላይ መቀነሷ የዚያ አካል ነው።

ሁለት ልጆች

አሁን ሁለት ልጆች እናስብ። እኔ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ እናንተ ግን ሳታውቋቸው አትቀሩም። ሁለቱም ከገጠር መጥተው አዲስ አበባ ሰው ቤት ይሠራሉ። አንዷ 17 ዓመቷ ነው፤ ሌላዋ 19። ሁለቱም የሠፈር ልጅ ወደዱ። ሁለቱም አረገዙ። ልጆቹ ስልካቸውን ዘጉ። ሆዳቸው ሲገፋ ከሥራ እንደሚባረሩ ሁለቱም ያውቃሉ። ወደ አገር ቤት እንዳይመለሱ የአባትን ፊት ይፈራሉ።

የ17 ዓመቷ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሕጉ ይቀበላታል። ለአካለ መጠን አልደረሰችም። የ19 ዓመቷን ግን አይቀበላትም። ጤነኛ ናት፣ አልተደፈረችም፣ አዋቂ ናት። ሁለት ዓመት ነው የሚለያያቸው። በማህፀናቸው ያለው ፅንስ ግን አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ከሌላው ሰውነቱ አያንስም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሕጉ መሠረት ያደረገው «ፅንስ ሙሉ ሰው ነው» የሚለውን ቢሆን ኖሮ ለ17 ዓመቷም ባልፈቀደ ነበር። ለተደፈረችውም ባልፈቀደ ነበር። በአባቱ ጥፋት ልጅ አይገደልምና። መሠረቱ «የሴቷ ምርጫ ነው» የሚለው ቢሆን ደግሞ የ19 ዓመቷን ባልመለሳት ነበር። ሕጉ ሁለቱንም አልያዘም። የያዘው ሦስተኛ ነገር ነው። «ይህቺ ሴት ይህን ሸክም እንድትሸከም በእስራት ማስገደድ ይገባል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለአንዳንዷ «አይገባም» ይላል፤ ለሌላዋ «ይገባል»።

በዚህ ጥያቄ እስማማለሁ። መልሱ ላይ ነው የምቸገረው። አንቀጽ 550 ስለ ድህነት ይናገራል። ፅንሱ የተቋረጠው ከባድ በሆነ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላታል ይላል። ልብ በሉ፤ አይፈቅድላትም፣ ያቀልላታል። ሕጉ የ19 ዓመቷን ልጅ ድህነት የሚያየው ከተከሰሰች በኋላ ነው። ጓዳ ገብታ፣ ደሟ ፈስሶ፣ ተርፋ፣ ተከስሳ ዳኛ ፊት ስትቆም «ለካ ድሃ ነበርሽ» ይላታል።

ገንዘብና ዘመድ ያላት የ19 ዓመት ልጅ እዚህ ሁሉ አትደርስም። የምታውቀው ሐኪም አለ። የጤና ምክንያትን እንዴት ማስረዳት እንዳለባት የሚነግራት ሰው አለ። ዳኛ ፊት የምትቆመው ሌላዋ ናት።

አባቶች የሰጡት ቀኖና

በሃይማኖት በኩል ስንመጣ ነገሩ ከምናስበው በላይ የጠለቀ ነው። በክርስትናው ቃሉ ጠንካራ ነው። እግዚአብሔር ኤርምያስን «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» ይለዋል። በሉቃስ ወንጌል ዮሐንስ በእናቱ ማህፀን ይዘልላል። የጥንት አባቶችም ፅንስ ማስወረድን አጥብቀው አውግዘዋል። በዚህ ላይ የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ጥያቄው ካወገዙ በኋላ ምን አደረጉ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ314 የተካሄደው የአንቂራ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያስወረደች ሴት ቀድሞ እስከ ዕለተ ሞቷ ከቁርባን ትለይ እንደነበር ያስታውሳል። ከዚያ ግን እናቅልልላት ብሎ አሥር ዓመት አደረገው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ በዚያው በአራተኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቅዱስ ባስልዮስ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ፅንሱ መልኩ ተሥሏል አልተሣለም ብለን አንመራመርም፤ አውቃ ያጠፋች የነፍስ ግድያ ተጠያቂ ናት ይላል። ከዚህ የጠነከረ ቃል የለም። ቀኖናው ግን አሥር ዓመት ነው። ይኸው አባት ሆን ብሎ ሰው ለገደለ የሰጠው ቀኖና 20 ዓመት ነው። ያስወረደችዋ ግማሹ ነው የተሰጣት። አክሎም መፈወሷ በዘመን ሳይሆን በንስሐዋ ዓይነት ይመዘን ይላል።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። «ግድያ ነው» ያለው አባት ራሱ የገዳይን ቀኖና አልሰጣትም። ስሙን አላለዘበም፤ ቅጣቱን ግን ለየ። በድርጊቱ ክብደትና በሴቷ ሁኔታ መካከል ልዩነት እንዳለ ያውቅ ነበር። ዛሬ በየመድረኩ «ገዳይ» እያለ የሚጮህ ሰባኪ የባስልዮስን ግማሽ ቃል ይዞ ግማሹን ትቷል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ ሰዎች ሲጣሉ ነፍሰ ጡር ገፍተው ፅንሷ ቢወርድ ምን ይደረግ የሚል ሕግ አለ። በዕብራይስጡ ፅንሱ ብቻ ከጠፋ ካሳ ይከፈላል፤ ሴቲቱ ላይ ጉዳት ከደረሰ ግን ነፍስ በነፍስ ነው። የሰባ ሊቃናት የሚባለው የግሪክ ትርጉም ደግሞ ልዩነቱን በፅንሱ ላይ ያደርገዋል። መልኩ ካልተሣለ ካሳ፣ ከተሣለ ነፍስ በነፍስ። ባስልዮስ «አንመራመርም» ያለው ይህንን ልዩነት ነው። አንድ ጥቅስ በሁለት ንባብ ሁለት ሚዛን ይሰጣል ማለት ነው። በአይሁድ ሊቃውንት ወግ ደግሞ ምጥ የጸናባት እናት ሕይወት ይቀድማል፤ የሕፃኑ ራስ ከወጣ በኋላ ግን አይነካም። እስራኤል ውስጥ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በኮሚቴ እየታየ ይፈቀዳል።

በእስልምና መለኪያው ቀን ነው። ኢብን መስዑድ ያስተላለፉት ታዋቂ ሐዲስ አለ። ፅንስ በሦስት የአርባ አርባ ቀን ደረጃ ያልፋል፤ ከዚያ ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል። ስለዚህ 120ኛው ቀን ትልቅ ድንበር ነው። ከዚያ በኋላ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አይነካም በሚለው ዑለማዎቹ ሰፊ ስምምነት አላቸው። ከዚያ በፊት ባለው ላይ ግን መዝሀቦቹ፣ ማለትም የእስልምና የሕግ ትምህርት ወገኖች፣ ይለያያሉ። ከሐነፊ ሊቃውንት ብዙዎቹ በቂ ምክንያት ካለ ይፈቅዳሉ። ማሊኪዎች ከሁሉም ይጠብቃሉ። በሻፊዒና በሐንበሊ ውስጥ 40 ቀንን ድንበር ያደረጉ አሉ።

አሁን ቱኒዚያን ተመልከቱ። ሕዝቧ በወግ የጥብቁ የማሊኪ መዝሀብ ተከታይ ነው። ሕጓ ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሴቷ ስትጠይቅ ይፈቅዳል። ጣሊያን የካቶሊኮች መዲና ያለባት አገር ናት፤ በ1978 በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ፈቀደች። ከመዝሀብ ወይም ከቀኖና ወደ ወንጀል ሕግ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም።

ፕሮቴስታንቱ ዘንድም አቋም ሲቀያየር ታይቷል። የአሜሪካው ደቡባዊ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ዛሬ ፅንስ ማቋረጥን አጥብቀው ከሚቃወሙት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን በመደፈር፣ በዘመዳሞች ግንኙነት፣ በፅንስ ከባድ ጉድለትና በእናት አካላዊም ሆነ አእምሯዊ ጤና ምክንያት የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ምእመናኑ እንዲሠሩ በውሳኔ ጠይቆ ነበር። ከእኛው አንቀጽ 551 ጋር በጣም ይመሳሰላል። መጽሐፍ ቅዱሱ አልተቀየረም። የተቀየረው አንባቢው ነው።

አንድ ሚዛን

«ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል፤ ስለዚህ ይከልከል» የሚሉ ወገኖችን ከልቤ ልጠይቅ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የአሜሪካዋ አላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በላብራቶሪ በረዶ ውስጥ የተቀመጡ ፅንሶችም በሕግ ልጆች ናቸው ብሎ ፈረደ። ልጅ ለመውለድ የሚታከሙ ባለትዳሮች ደነገጡ፤ ክሊኒኮች ሥራ አቆሙ። በዚያው ግዛት ፅንስ ማቋረጥን የከለከሉት ሕግ አውጪዎች በሳምንታት ውስጥ ለክሊኒኮቹ ከለላ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። የላብራቶሪው ፅንስ ቢጠፋ አይከሰስም፤ የማህፀኑ ግን ያስከስሳል ማለት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? በላብራቶሪው ጉዳይ የተጨነቁት ባለትዳሮች ናቸው። በሌላው ደግሞ ብቻዋን የቀረች ሴት።

እኛስ? ለወረደ ፅንስ ድንኳን አንጥልም፤ ተዝካር አናወጣም። እናቲቱ ግን ታለቅሳለች፤ ሐዘኗ እውነት ነው። ፅንስ ምንም አይደለም ብለን አናምንም። ልክ እንደተወለደ ልጅ ነው ብለንም አንኖርም። አኗኗራችን በመሀል ነው።

ሌላውንም ወገን እጠይቃለሁ። «የሴቷ አካል ነው፤ ማንም አያገባውም» የሚለው አባባል ፅንሱ ሴት ስለሆነች ብቻ ሲቋረጥስ ይሠራል? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1994 የፅንስ ፆታን መርምሮ መናገርን በሕግ የከለከለችው ይህ በስፋት ስለተፈጸመ ነው። ብዙዎቹ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ክልከላውን ደግፈዋል። ስለዚህ እነሱም በልባቸው ድንበር አላቸው። የአካል ጉድለት ያለበትን ፅንስ የሚመለከተው የእኛው ንዑስ አንቀጽም እንቅልፍ ይነሳኛል። ተወልዶ ሊኖር የማይችል ፅንስ የተሸከመች እናት ጉዳይ ይገባኛል። ግን ከጉድለት ጋር ተወልዶ የሚኖር ሰው ያንን ንዑስ አንቀጽ ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ስለማይመቸን ብቻ ልናልፈው አይገባም።

ካቶሊኮች ዘንድ አንድ የሚጠቀስ ሙከራ አለ። የቺካጎው ካርዲናል ጆሴፍ በርናርዲን እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ሕይወት ወጥ የሆነ ሥነ ምግባር ይኑረን ብለው ተነሡ። ፅንስ ማቋረጥን የሚቃወም የሞት ቅጣትንም፣ የኒውክሌር ጦርነትንም፣ ድሃን የሚጎዳ ፖሊሲንም ይቃወም አሉ። ከሁለቱም ወገን ተወቀሱ። እኔ ግን ሚዛናቸው አንድ ስለነበር አከብራቸዋለሁ። በእኛ አገር የሞት ቅጣት አሁንም በሕግ አለ። ስለ ፅንስ የሚሰብኩ ስንቶቹ ስለሱ ይናገራሉ?

ሚዛኑ ሲዛባ የሚከፍለው ሩቅ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ፖሊሲ አወጣች። የውጭ ድርጅት ፅንስ ማቋረጥን ከሠራ ወይም ካበረታታ፣ በሌላ ገንዘቡም ቢሆን፣ የቤተሰብ ምጣኔ ዕርዳታ አያገኝም የሚል ነው። ዲሞክራት ሲመጣ ይሰረዛል፣ ሪፐብሊካን ሲመጣ ይመለሳል። በ2025 ጥር እንደገና ተመልሷል። በ2019 የታተመ ጥናት ይህ ፖሊሲ በ26 ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ያመጣውን ውጤት አየ። በፖሊሲው ይበልጥ በተነኩት አገሮች የወሊድ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚዎች ቀነሱ፤ ፅንስ ማቋረጥ ግን በ40 በመቶ ገደማ ጨመረ። ፅንስን ለማዳን የወጣ ፖሊሲ ብዙ ፅንስ አስወረደ። ፖሊሲውን በእምነት የደገፉ ሰዎች ይህን ሰምተው ካልተጨነቁ፣ የሚያሳስባቸው ፅንሱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልዩነቱን በየቀኑ ያዩታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2022 ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን የ1973ቱን ውሳኔ ከሻረ በኋላ ጉዳዩ ለየግዛቱ ተተወ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሐበሻና በቴክሳስ ዳላስ ያለች እህቷ እኩል ያስቀድሳሉ፣ እኩል ይጾማሉ። በሜሪላንድ መራጩ በ2024 መብቱን በግዛቱ ሕገ መንግሥት አስገባው። በቴክሳስ ለተደፈረች እንኳ ፈቃድ የለም። በዓረብ አገር ደግሞ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ካረገዙ፣ እርግዝናው ራሱ የዝሙት ማስረጃ ተደርጎባቸው የታሰሩ አሉ። አሠሪው ደፍሯት ያረገዘች ልጅ ክስ ለማቅረብ ፖሊስ ጋ መሄድ ትፈራለች። ራሷ ልትታሰር ትችላለችና። እዚያም ሕጉ የቆመው በሃይማኖት ስም ነው።

ከወለደች በኋላስ

ወደ አገራችን ልመለስ። አንዲት ልጅ «አላስወርድም፤ እወልዳለሁ» ብትል ምን ይጠብቃታል? ትምህርቷን ታቋርጣለች። ሠፈሩ ይጠቋቆምባታል። ልጁ «ዲቃላ» ይባላል። ቤት አከራይ «ልጅ ያላት አንፈልግም» ይላታል። ፅንሱን በስብከት የተከላከለለት ሰው ሕፃኑ ሲያለቅስ የለም። ይህን የምለው ስብከቱን ለማጣጣል አይደለም። ልጇን ይዛ የመጣችን ልጅ ተቀብለው የሚያሳድጉ መነኮሳይያት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን እናቶች፣ ዕድሮችም አሉ። «ፅንስ ክቡር ነው» የሚለውን ቃል በገንዘባቸውና በጉልበታቸው የመሰከሩ እነሱ ናቸው። ከእነሱ አፍ ስሰማው ቃሉ ይከብደኛል።

ወንዱስ? ከአንቀጽ 545 እስከ 552 ያሉትን አንብቡ። ሴቷ ትቀጣለች፤ ያስወረዳት ይቀጣል። አስረግዞ ስልኩን የዘጋው ልጅ ግን እዚያ የለም። ያለ ፈቃዷ ካላስወረዳት ወይም ካልተባበረ በቀር ሕጉ አያውቀውም። በቤተሰብ ሕጉ አባትነትን በፍርድ ቤት ማሳወቅ ይቻላል። ግን ለጠበቃ የምትከፍለው የሌላት የሰው ቤት ሠራተኛ ያን መንገድ እንዴት ትጀምረዋለች?

አሁን «ለውሸት በር ከፈተ» ወደሚለው ልመለስ። የሴቷን ቃል መቀበል ትክክል ነው። የተደፈረችን ሴት ማስረጃ አምጪ ማለት ሁለተኛ መድፈር ነው። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በጦርነቱ ጊዜ የተደፈሩት እህቶቻችን የትኛው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ወረቀት ያመጡ ነበር? ችግሩ ቃሏን መቀበሉ አይደለም። ችግሩ ለ19 ዓመቷ ልጅ የቀረላት በር ይኸው አንድ ቃል መሆኑ ነው። «ተደፍሬ ነው» ካለች ትገባለች። እውነቱን ከተናገረች ትመለሳለች። ሕጉ በሩን የዘጋው በሀብታሟም አይደለም፣ በምትዋሸውም አይደለም። የዘጋው ድሃ ሆና እውነት በተናገረችው ላይ ነው። ስለ እውነት የሚሰብክ ሃይማኖት ሁሉ ከፅንሱ እኩል ይህ ሊያስጨንቀው ይገባል እላለሁ።

ያቺ የ19 ዓመት ልጅ አሁን ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰኞ ነው። ፈቃድ ያገኘችው «ጥርሴን አሞኛል» ብላ ነው። ነርሷ በሩን ዘጋችና ካርዷን ገለጠች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ድምጿም ለስላሳ ነው። «እህቴ፣ እንዴት ነው ያረገዝሽው?» አለቻት። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። በልጅነቷ እናቷ «ውሸት አትናገሪ፣ እግዚአብሔር ያያል» ብለው አሳድገዋታል። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።